ቁልቁለቱን ማርሽ ይይዘዋል፣ መኪናውን ፍሬን ያቆመዋል

ወላይታ ሶዶ በዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል አስተዳደር መቀመጫ ሆናለች። ከከተማዋ የሚወጡት መንገዶች በየአቅጣጫው ይዘረጋሉ። አንዱ በቦዲቲ በኩል ወደ ሐላባና ሻሸመኔ፣ አንዱ በአረካ በኩል ወደ ሆሳዕና፣ አንዱ በሁምቦ በኩል ወደ አርባ ምንጭ፣ አንዱ በገሱባ በኩል ወደ ሳውላ፣ ሌላውም በበሌ በኩል ወደ ኦሞ ሸለቆና ወደ ዳውሮ ይሄዳል። በተለይ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ የሚሄደው መንገደኛ ከደጋው ወደ ቆላው መውረዱ የማይቀር ነው። የአባያ ሐይቅ የሚገኘው 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኑ፣ ከሶዶ እስከ ሐይቁ ዳርቻ ያለው የከፍታ ልዩነት ወደ 800 ሜትር ይደርሳል።

በደጋውና በቆላው መካከል ያለው ምልልስ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከዓለም ባንክ በተገኘ ብድር ሥራውን የጀመረው የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭር ስሙ ዋዱ፣ መሬት ከጠበበበት ደጋ ገበሬዎችን ወደ አበላና ወደ በሌ አካባቢ ቆላ ማስፈሩ ይታወቃል። ከዚያን ጊዜ አንሥቶ በቆሎው፣ ቦሎቄው፣ ዝንጅብሉና ሙዙ ወደ ገበያ ሲጓዝ፣ ማዳበሪያውና ምርጥ ዘሩ ደግሞ ወደ ቀበሌዎቹ ሲወርድ፣ የገበሬው ምርትና የገበሬው ሕይወት በመኪና ላይ ነው።

ይህን ጽሑፍ ለገበሬ ማኅበራትና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት መሪዎች ያቀረብነው ሾፌር ይሁኑ ለማለት አይደለም። መኪናውን የሚከራየው፣ ጭነቱን የሚያስጭነው፣ የመነሻውን ሰዓት የሚወስነውና በጋቢናው ውስጥ ከሾፌሩ አጠገብ የሚቀመጠው ብዙ ጊዜ የማኅበሩ መሪ ወይም ተወካይ ነው። ስለዚህ ቁልቁለት እንዴት እንደሚወረድ ማወቅ ለእርሱም ሥራው ነው።

የሾፌሮቹ ክርክር

መኪናን ለማዘግየት ማርሽ መቀነስ ይሻላል ወይስ ፍሬን መያዝ? ይህ ጥያቄ ሾፌሮች በተሰበሰቡበት ሁሉ የሚነሣ ነው። አንደኛው ወገን «የፍሬን ሸራ በጥቂት ብር ይቀየራል፤ ፍሪሲዮንና ካምቢዮ ግን ውድ ነው። ስለዚህ ለማዘግየት ፍሬን ይበቃል» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ጎበዝ ሾፌር ፍሬን አይነካም፤ በማርሽ ብቻ ይወርዳል» በማለት ይመልሳል።

ሁለቱም ከፊል እውነት ይዘዋል። የመጀመሪያው ወገን አባባል በሜዳ መንገድ ላይ ትክክል ነው። አህያ ሲያቋርጥ፣ የእግረኛ ማቋረጫ ሲደርስ፣ ወይም ገበያ መግቢያ ላይ ለመቆም ሲፈለግ ፍሬን ለዚሁ የተሠራ መሣሪያ ነው። በየቦታው ማርሽ እየቀነሱ መኪናን ለማቆም መሞከር ፍሪሲዮንን ያለ ጥቅም ይበላል። የሁለተኛው ወገን አባባል የሚሠራው ደግሞ በረዥም ቁልቁለት ላይ ነው። በዚያ የሚፈለገው መኪናውን ለማቆም ሳይሆን ብዙ ደቂቃ ሙሉ እንዳይፈጥን ይዞ ለማቆየት ነው። ለዚህ ሥራ ፍሬን ብቻውን አይበቃም። ምክንያቱ ሙቀት ነው።

ፍሬን ሲግል የሚሆነው

ሰው በብርድ ጠዋት መዳፉን ከመዳፉ ጋር ሲያፋትግ ይሞቀዋል። ፍሬንም የሚሠራው እንዲሁ ነው። ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ የፍሬኑ ሸራ ከጎማው ጋር በሚዞረው ብረት ላይ ይጫናል። በመፋተጉም የመኪናው ሩጫ ወደ ሙቀት ይለወጣል። የመኪናው ጉልበት አይጠፋም፤ ብረቱ ውስጥ በሙቀት መልክ ይከማቻል።

ይህ ሙቀት ምን ያህል ነው? ከነጭነቱ 10 ሺህ ኪሎ የሚመዝን የጭነት መኪና 300 ሜትር ከፍታ ያለው ቁልቁለት ሲወርድ የሚወጣው ጉልበት፣ አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት የሚበቃ ያህል ነው። ከዚህ ጥቂቱን ነፋስና የጎማው መንከባለል ይወስዱታል። የቀረውን ግን አንድ ነገር መሸከም አለበት። ሾፌሩ ማርሹን በላይኛው ቦታ ትቶ በፍሬን ብቻ ከወረደ፣ ያ ሁሉ ሙቀት በየጎማው ውስጥ በተደበቁት ጥቂት የብረትና የሸራ ክፍሎች ላይ ያርፋል።

በዚህ ጊዜ ሦስት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ሸራው ከመጠን በላይ ሲግል የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ በብዙ የጭነት መኪናዎች ላይ ሸራው የሚጫንበት እንደ ከበሮ ክብ የሆነው ብረት ከሙቀቱ የተነሣ ይሰፋል፤ ሲሰፋም ከሸራው ይርቃል። ሦስተኛ፣ ኃይሉን በፍሬን ዘይት በሚያስተላልፉ መኪናዎች ላይ ዘይቱ ሊፈላ ይችላል። ዶት 3 የሚባለው የተለመደ የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ሳይፈላ ይቆያል። ይሁን እንጂ ይህ ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት የመጠጣት ጠባይ አለው። ከጊዜ ብዛት ውኃ ሲገባበት የመፍያው ልክ እስከ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ከፈላ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይገባል። እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል እንጂ እንደ ፈሳሽ አይገፋም። ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ እግሩ እስከ ወለሉ ድረስ ይወርዳል፤ መኪናው ግን አይያዝም።

ከአደጋ በኋላ «ፍሬን በጠሰ» ይባላል። ብዙ ጊዜ ግን የተበጠሰ ነገር የለም። ፍሬኑ ጠዋት ሲነሣ ደኅና ነበር፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ሲታይም ደኅና ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የደከመው በመካከል፣ በጋለበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ጠዋት መናኸሪያ ላይ የተደረገ የፍሬን ሙከራ ብቻውን ለቁልቁለቱ ዋስትና አይሆንም።

ሞተሩ እንዴት ይይዛል

ማርሽ ገብቶ ሳለ ሾፌሩ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ ሲያነሣ፣ ሞተሩ ጎማውን መንዳቱ ቀርቶ ጎማው ሞተሩን መንዳት ይጀምራል። ሞተሩ አየር መሳብና ማመቅ፣ የውስጥ ክፍሎቹንም ማሽከርከር ስላለበት ሸክም ይሆንበታል። በዚህም የተነሣ መኪናውን ወደ ኋላ እንደሚጎትት ያህል ይይዘዋል። ማርሹ ዝቅ ባለ ቁጥር ሞተሩ ለአንድ ዓይነት ፍጥነት ብዙ ዙር ስለሚዞር፣ መያዙም ይበረታል።

በሞተር የመያዝ ትልቁ ጥቅም ሙቀቱ የሚሄድበት ቦታ ስላለው ነው። ሞተር ራዲያተር አለው፤ በጭስ ማውጫውም ትኩስ አየር ያስወጣል። ለሰዓታት እንዲሠራ ታስቦ የተሠራ ነው። የፍሬን ሸራ ግን ራዲያተር የለውም።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የናፍጣ ሞተር ከቤንዚን ሞተር ይልቅ በራሱ የመያዝ ኃይሉ አነስተኛ ነው። የቤንዚን ሞተር የአየር መግቢያው ሲዘጋበት ለመሳብ ይታገላል። የናፍጣው ግን አየሩን በነጻ ይስባል፤ ያመቀውም አየር እንደ ጅማት ተመልሶ ይገፋል። ለዚህ ነው በብዙ የናፍጣ ጭነት መኪናዎች ላይ የጭስ ማውጫውን አፍኖ ሞተሩን የሚያከብድ ተጨማሪ ማዘግያ የሚገጠመው። ይህ መሣሪያ የሚሠራው ማርሽ ገብቶ የሞተሩ ዙር ከፍ ሲል ነው። መኪና የሚከራይ ማኅበር ይህ ማዘግያ መኖሩንና መሥራቱን አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባል።

ማርሹ የሚመረጠው ከአናቱ ላይ ነው

የዚህ ጽሑፍ ዋና መልእክት ይህ ነው። ሸክም ይዞ ከዳሞታ ተዳፋት የሚወርድ ሰው ርምጃውን የሚያሳጥረው ገና ከላይ ሲነሣ ነው እንጂ መሮጥ ከጀመረ በኋላ አይደለም። መኪናም እንዲሁ ነው። ትክክለኛው ማርሽ መግባት ያለበት መንገዱ ቁልቁል ከማዘንበሉ በፊት ነው።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። የተጫነ መኪና ቁልቁለቱ መካከል ፍጥነት ካገኘ በኋላ ሾፌሩ ማርሽ ለመቀነስ ቢሞክር፣ ፍሪሲዮኑን ሲረግጥና ማርሹን ሲያወጣ መኪናው ለጊዜው ከሞተሩ ይለያል። በዚያች ጥቂት ሰከንድ ውስጥ ፍጥነቱ ይጨምራል። ዝቅተኛው ማርሽም እምቢ ሊል ይችላል። ያ ከሆነ የላይኛውንም መልሶ ማስገባት ያዳግታል፤ መኪናውም ያለ ማርሽ ይቀራል። ዝቅተኛው ማርሽ በግድ ቢገባ እንኳ ሞተሩ ከተፈቀደለት በላይ ዞሮ ሊሰበር ይችላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለው አባባል እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

የትኛው ማርሽ ይመረጥ? ከጥንት ጀምሮ የሚነገረው ደንብ «ሽቅብ በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁል ውረድ» የሚል ነው። ይህ ደንብ መነሻ ሆኖ ያገለግላል። የዛሬዎቹ መኪናዎች ግን ጉልበታቸው ስለበረታ ያንኑ ዳገት በላይኛው ማርሽ ሊወጡት ይችላሉ። ስለዚህ ለአዳዲሶቹ መኪናዎች ቁልቁለቱን ከመውጫው ማርሽ አንድ ዝቅ ባለው መውረድ ይሻላል። ማርሹ ትክክል ለመሆኑ ምልክቱ መኪናው ፍሬን አልፎ አልፎ ብቻ እየተነካ ፍጥነቱን ጠብቆ መውረዱ ነው። ሾፌሩ ፔዳሉን ሳይለቅ የሚወርድ ከሆነ ማርሹ ከፍ ብሏል ማለት ነው። ያን ጊዜ ፍሬኑ ሳይግል፣ ገና በሚይዝበት ሰዓት መኪናውን ሙሉ በሙሉ አቁሞ፣ ዝቅተኛውን ማርሽ አስገብቶ እንደገና መነሣት ይገባል።

ይህ ልማድ በአገራችን ታላላቅ ቁልቁለቶች ሁሉ የታወቀ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ወንዝ የሚወርደው መንገድ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይሄዳል። በዚያ ከባድ ጭነት ይዞ የሚወርድ ልምድ ያለው ሾፌር ከላይ በዝቅተኛ ማርሽ ገብቶ በሰው ሩጫ ያህል ፍጥነት ይወርዳል። በሌሎች ተራራማ አገሮችም ከቁልቁለት በፊት «ዝቅተኛ ማርሽ አስገባ» የሚል ምልክት ይተከላል። በአንዳንዶቹም ፍሬን እምቢ ላለው መኪና በጠጠር የተሞላ የማምለጫ መንገድ በጎን ይሠራለታል። እንዲህ ያለ ማምለጫ በሌለበት የገጠር መንገድ ላይ ጥንቃቄው የበለጠ መሆን አለበት።

ፍሬን እንዴት ይያዝ

ትክክለኛው ማርሽ ገብቶም ቢሆን ፍሬን ያስፈልጋል። አያያዙ ግን ዘዴ አለው። ፔዳሉን በቀስታ ረግጦ ለረዥም ጊዜ መያዝ ሸራውን ያለ ዕረፍት ያግለዋል። የሚሻለው መርገጥና መልቀቅ ነው። ለምሳሌ ለመንገዱ የሚገባው ፍጥነት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ ፍጥነቱ 30 ሲደርስ ፍሬኑን ጠበቅ አድርጎ ለሦስት ሰከንድ ያህል በመያዝ ወደ 22 ዝቅ ማድረግ፣ ከዚያም ሙሉ በሙሉ መልቀቅ ነው። ፍጥነቱ እንደገና 30 እስኪደርስ ሸራው ነፋስ ያገኛል። በአየር ፍሬን የሚሠራ ከባድ መኪና ላይ ግን ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ መምታት የተጠራቀመውን አየር ስለሚጨርስ ሾፌሩ የአየሩን መለኪያ መከታተል አለበት።

ድንገተኛ ነገር ሲያጋጥም የማርሽ ነገር ይቆይ። ልጅ ወይም ከብት መንገዱ ውስጥ ከገባ የሾፌሩ እግር በቀጥታ ወደ ፍሬን መሄድ አለበት። ፍሪሲዮኑን የሚረግጠው ሞተሩ ሊጠፋ ሲቃረብ ብቻ ነው። ቀድሞ ከረገጠ የሞተሩን እርዳታ በገዛ እግሩ ያጣል። ሌላም ነገር አለ። መኪና በማርሽ ብቻ ሲዘገይ የኋላው ቀይ የፍሬን መብራት አይበራም። ስለዚህ ከኋላ የሚከተል መኪና ካለ ፔዳሉን ነካ አድርጎ ምልክት መስጠት ይገባል።

በክረምትና በቀይ አፈር ላይ

የወላይታ ቀይ አፈር ለእርሻ የታወቀ ነው። ጠጠር ባልለበሰ መንገድ ላይ ግን ዝናብ ሲነካው እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። በዚህ ጊዜ ማርሽም ሊያስት ይችላል። ሞተሩ የሚይዘው መኪናውን የሚነዱትን ጎማዎች ብቻ ነው፤ በጭነት መኪና ላይ ብዙ ጊዜ የኋላዎቹ ናቸው። ሾፌሩ ማርሹን በድንገት ቀንሶ ፍሪሲዮኑን ድርግም አድርጎ ቢለቀው፣ የኋላ ጎማዎቹ ይንሸራተቱና የመኪናው ጀርባ ወደ ቦዩ ይዞራል። በጭቃ ላይ ፍሬንን አጥብቆ መርገጥም ጎማውን አስሮ መሪው እንዳይታዘዝ ያደርጋል።

መድኃኒቱ አሁንም ያው ነው። ከላይ በዝቅተኛ ማርሽ መግባት፣ በዝግታ መውረድ፣ በቁልቁለቱ ላይ ማርሽ አለመቀያየር፣ ፍሬንን በለስላሳ መንካት። መንገዱ በጣም ከረጠበ ፀሐይ ወጥታ አፈሩ እስኪጠነክር ጥቂት ሰዓት መጠበቅ ከሁሉ ይሻላል። ለዚህ ውሳኔ ሾፌሩ የማኅበሩን ፈቃድ ይፈልጋል።

ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ ማውጣት

አንዳንድ ሾፌሮች ቁልቁለት ሲያገኙ ማርሹን ነጻ አውጥተው መኪናውን ይለቁታል። ከዚያም ብሰው ሞተሩን የሚያጠፉ አሉ። ይህ ነዳጅ ይቆጥባል የሚባለው በአብዛኛው ስሕተት ነው። ማርሽ ገብቶ እግር ከነዳጅ መስጫው ላይ ሲነሣ ጎማው ሞተሩን ስለሚያዞረው፣ የዛሬዎቹ ሞተሮች ነዳጁን ይዘጋሉ። ማርሹ ሲወጣ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ለራሱ ነዳጅ ማቃጠል ይጀምራል። ሞተሩ ከጠፋ ደግሞ ፍሬንን የሚያግዘው ኃይል ይቋረጣል፤ መሪውም ይከብዳል። ስለዚህ መኪናው ነዳጅ ሳይቆጥብ ሞተሩን ያጣል፤ ፍሬኑም ብቻውን ይቀራል። የማኅበር ተወካይ በጋቢናው ውስጥ ሳለ ሾፌሩ ማርሽ አውጥቶ ሲወርድ ካየ ዝም ማለት የለበትም።

የማኅበሩ ድርሻ

ቁልቁለቱ ላይ የሚሆነው አብዛኛው ነገር የሚወሰነው ጭነት በሚጫንበት ቦታ ነው። እዚያ ላይ ደግሞ የሚወስነው ማኅበሩ ነው።

የመጀመሪያው ነገር ክብደት ነው። 40 ኩንታል እንዲጭን የተፈቀደለት መኪና «አንድ ጊዜ እንጨርሰው» ተብሎ 55 ኩንታል ቢጫንበት፣ ትርፉ 15 ኩንታል፣ ማለትም 30 ባለ 50 ኪሎ የማዳበሪያ ከረጢት ነው። ከረጢቶቹ በመኪናው አልጋ ላይ ሲታዩ ብዙም አይመስሉም። ነገር ግን ክብደቱ በጨመረ መጠን በፍሬኑ ላይ የሚያርፈው ሙቀትም በዚያው ልክ ይጨምራል። ከኪራይ የተረፈው ገንዘብ ከጠፋው ምርትና ከሰው ሕይወት ጋር ሲመዛዘን ምንም አይደለም።

ሁለተኛው ጥድፊያ ነው። ሾፌሩ በምልልስ ብዛት የሚከፈለው ከሆነ፣ ወይም ገበያው ሳይበተን እንዲደርስ ከተገፋ፣ በላይኛው ማርሽ መውረዱ አይቀርም። ፍጥነት ደግሞ ከክብደትም የባሰ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድን መኪና ለማቆም፣ 30 የሚሄደውን ከማቆም አራት እጥፍ ሥራ ይጠይቃል። እጥፍ ብቻ አይደለም። ስለዚህ ለሶዶ፣ ለቦዲቲ ወይም ለአረካ ገበያ የሚደርስ ጭነት በማለዳ እንዲነሣ ማድረግ የማኅበሩ መሪ ሊሰጥ የሚችለው ትልቅ እርዳታ ነው።

ሦስተኛው በጭነት ላይ ሰው ማሳፈር ነው። ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በጎረቤታችን በሲዳማ ክልል በቦና ዙሪያ ወረዳ ሰርገኞችን ያሳፈረ የጭነት መኪና ወንዝ ውስጥ ገብቶ 71 ሰዎች መሞታቸው አይረሳም። የጭነት መኪና አልጋ ለሰው የተሠራ አይደለም፤ መቀመጫም መያዣም የለውም። መኪናው ከመንገድ ሲወጣ ጋቢና ውስጥ ያለው የመትረፍ ዕድል ሲኖረው፣ በከረጢት ላይ የተቀመጠው ይወረወራል፤ ጭነቱም ይጫነዋል። ለሠርግ፣ ለለቅሶ ወይም ለገበያ ሲባል ሕዝቡን በጭነት መኪና መላክን ማስቀረት የሚችለው የቅርቡ ሰው የቀበሌው መሪ ነው።

አራተኛው ትራክተርን የሚመለከት ነው። ትራክተር ያላቸው ወይም የሚከራዩ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተሳቢ አስረው ምርት ያጓጉዛሉ። ብዙ ትራክተሮች የግራንና የቀኝን የኋላ ጎማ ለየብቻ የሚይዙ ሁለት የፍሬን ፔዳሎች አሏቸው። ይህ በእርሻ ውስጥ ለመዞር ይጠቅማል። መንገድ ላይ ግን ሁለቱ ፔዳሎች በማያያዣቸው ካልተቆለፉ አንዱ ብቻ ሲረገጥ ትራክተሩ ሊገለበጥ ይችላል። ተሳቢው የራሱ ፍሬን ከሌለው ደግሞ ቁልቁለት ላይ ትራክተሩን ከኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ ትራክተር ተሳቢ ይዞ ሲወርድ ጭነቱ ቀለል ያለ፣ ማርሹም ከሁሉ ዝቅ ያለ መሆን አለበት።

መኪና ከመከራየት በፊት የሚከተሉትን ማረጋገጥ ይገባል። የፍሬን ሸራው መቼ ተቀየረ? የፍሬን ዘይቱስ? የእጅ ፍሬኑ የተጫነ መኪና ዳገት ላይ ይይዛል? ጎማው አልተላጨም? የጭስ ማውጫ ማዘግያው ይሠራል? ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ለአምስት ደቂቃ መቆምም በውሉ ውስጥ ሊገባ የሚችል ነገር ነው። በዚያ ዕረፍት ሾፌሩ ፍሬኑን ይሞክራል፣ ረዳቱ ጎማውንና የጭነቱን ገመድ ያያል፣ ማርሹም በጸጥታ ይመረጣል።

ፍሬን እምቢ ሲል

ጥንቃቄ ተደርጎም ፍሬን ሊደክም ይችላል። የመጀመሪያው ምልክት ሽታ ነው። የሚቃጠል ሸራ የሚሰነፍጥ ሽታ፣ ከጎማው አካባቢ የሚወጣ ጭስ፣ ወይም ፔዳሉ ከወትሮው ዝቅ ብሎ መውረዱ ሲታይ ወዲያውኑ ቆሞ ማሳረፍ ያስፈልጋል። በጋለው ብረት ላይ ውኃ መድፋት አይገባም፤ ብረቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። በራሱ ይቀዝቅዝ።

መኪናው ጨርሶ ካልተያዘ ሾፌሩ ማርሹን ማውጣት የለበትም። የገባው ማርሽ ምንም ያህል ደካማ ቢሆን ከምንም ይሻላል። የዘይት ፍሬን ከሆነ ፔዳሉን ደጋግሞ በመርገጥ ኃይሉን ለመመለስ መሞከር፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ መሳብ፣ ጡሩምባና መብራት በመጠቀም ከፊት ያለውን ማስጠንቀቅ ይገባል። ከዚያም ዳገት የሚል ቦታ ወይም በተራራው በኩል ያለ የአፈር ግንብ ከተገኘ በገደሉ በኩል ከመውደቅ በዚያ በኩል ታክኮ መቆም ይሻላል። ከሚሮጥ መኪና ላይ መዝለል ግን ብዙውን ጊዜ የሚገድለው እርሱ ነው።

ቁልቁለት ላይ የቆመ መኪናም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፊቱ ወደ ታች ከሆነ የኋላ ማርሽ፣ ወደ ላይ ከሆነ አንደኛ ማርሽ ይግባ። መሪው ወደ ተራራው ይጠምዘዝ፤ በጎማው ሥር ድንጋይ ይደረግ። ረዳቱ መኪናው ሲነሣ ያንን ድንጋይ ከመንገዱ ላይ ማንሣት አለበት። በመንገድ መካከል የተተወ ድንጋይ በሌሊት ለሚመጣው ሌላ አደጋ ነው።

በሁሉም ቀበሌ ሊደረግ የሚችል

ከላይ የተገለጸው ነገር ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። በሚቀጥለው የማኅበር ስብሰባ ላይ የቀበሌው መሪ በአካባቢው ያሉትን አደገኛ ቁልቁለቶች ከአባላቱ ጋር ለይቶ ሊቆጥራቸው ይችላል። የት ቆሞ ማርሽ መግባት እንዳለበትም ከነባር ሾፌሮች ጋር መምከር ይቻላል። በየቁልቁለቱ አናት ላይ «እዚህ ቆመህ ዝቅተኛ ማርሽ አስገባ» የሚል ሰሌዳ በእንጨት ጽፎ መትከል የአንድ ቀን ሥራ ነው። ባጃጅና ሞተር ሳይክል የሚነዱ ወጣቶችም ማርሽ ስላላቸው ይኸው ትምህርት ይመለከታቸዋል።

የማዳበሪያው መኪና ከበልግ ወይም ከክረምት እርሻ በፊት ወደ ቆላው ሲወርድ፣ በመኸርም እህሉ ወደ ገበያ ሲሄድ፣ ከመነሣት በፊት የማኅበሩ መሪ ሾፌሩን አንድ ጥያቄ ይጠይቀው፦ «ቁልቁለቱን በስንተኛ ማርሽ ነው የምትወርደው?» ሾፌሩ ማርሹን ጠርቶ ከመለሰ አስቦበታል ማለት ነው። «ፍሬኑ ደኅና ነው» ብሎ ከመለሰ ግን ጭነቱ ከመነሣቱ በፊት ገና የሚነጋገሩበት ጉዳይ አለ።